ስፖኪዮዬ ውስጥ የሚታየው ክርኔ ነበር

ሞተሬን ከያዝኳት ሁለት አመት ሊሞላኝ ነው። በነዚ ሁለት አመታት ስፖኪዮ ውስጥ በደንብ አየሁት ምለው ነገር ቢኖር የራሴን ክርን ነው። እየቀለድኩ አይደለም፣ ግራውን ሳይ ግራ ክርኔ፣ ቀኙን ሳይ ቀኝ ክርኔ፣ ጃኬት ከለበስኩ ደሞ እጅጌው ተጨምሮበት፣ ከዛ ጠርዙ ላይ ሁለት ጣት የማትሞላ መንገድ። ከኋላዬ ምን እንዳለ ማወቅ ሲያስፈልገኝ ክንዴን እንደ ዶሮ ክንፍ ወደ ጎኔ ሰብስቤ ጎንበስ ማለት ነበረብኝ፣ ከሩቅ ላየኝ ሰው ሆዴን ቁርጠት የያዘኝ ነው ምመስለው።

ሞተሯ ያማሃ ኤጂ 200 ነች። ያው ታውቋታላችሁ፣ የግብርና ባለሙያዎችና ኤንጂኦዎች ገጠር ለገጠር ሚዞሩባት፣ ፊትም ኋላም የዕቃ ማስቀመጫ ብረት ያላት፣ ማቆሚያ እግሯ በግራም በቀኝም የሆነ፣ ሰንሰለቷ ድፍን ሽፋን ውስጥ ያለ። እኔ በጨረታ ነው ያገኘኋት። እነ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ገበሬዎች ከብትና በግ ሚነዱባት ሞተር ናት፣ ስሟ ላይ ያለው ኤጂ ራሱ ከእርሻ (አግሪካልቸር ከሚለው) የመጣ ነው። እና ሳስበው በግ እየነዳህ ኋላህን ማየት ምን ያደርግልሃል? በጎቹ ፊትህ ናቸው። እኔ ግን ኋላዬ አይሱዙ አለ።

ስራዬ ድሬ ነው፣ ሳቢያን ነው ምኖረው፣ እናቴ ደሞ ሐረር ናት። ስለዚ አርብ ማታ ወደ ሐረር፣ ሰኞ በጠዋት ወደ ድሬ። መንገዱ 50 ኪሎ ምናምን ቢሆን ነው ግን መሀሉ ላይ ደንገጎ አለ፣ ደንገጎን ያየ ያውቀዋል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ተኝታለች፣ ደንገጎ አናት ላይ ስትደርስ 2,000 አካባቢ ነህ፣ ያንን ሁሉ ምትወጣው በመጠማዘዣ ነው፣ አንዱን ኩርባ ጨረስኩ ስትል ሌላው ይጠብቅሃል። ሽቅቡ ላይ የተጫነ ከባድ መኪና በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል፣ ቁልቁሉ ላይ ደሞ ባዶውን ሚከንፍ አይሱዙ አለ። አገሩ በሙሉ አይሱዙን አልቃይዳ ብሎ የሰየመው ዝም ብሎ አይደለም እኮ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ቁልቁል እየወረድኩ ነው። 60 አካባቢ ላይ ነኝ። ስፖኪዮዬ ውስጥ ክርኔና ጭጋግ አለ። ጭጋግ ስላችሁ የደንገጎ ጭጋግ አይደለም፣ የኔዋ ባለ አንድ ሲሊንደር ስለሆነች የሆነ ፍጥነት ላይ ስትደርስ መሪው ይነዝራል፣ መሪው ሲነዝር ስፖኪዮው ይነዝራል፣ ከዛ መስታወቱ ውስጥ ያለው ነገር በሙሉ ውሃ እንደነካው የቀለም ስእል ይሆናል። እዛ ውስጥ ነጭ ነገር አየሁ፣ የመንገድ ዳር ድንጋይ ነው ብዬ አለፍኩት። ፊቴ አስፋልቱ ላይ የወደቀ ድንጋይ ነበር እሱን ልሸሽ ትንሽ ወደ ግራ ልል ስል የክላክስ ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ ገባ፣ ያ ነጭ ነገር የአይሱዙ ግንባር ነበር፣ ኩርባ ላይ ሊቀድመኝ ጎኔ ደርሷል። እንዴት ወደ ቀኝ እንደተመለስኩ አላውቅም። ንፋሱ ብቻ ሊያነሳኝ ነበር።

ከታች መንገድ ዳር ቆሜ እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ጠበቅኩ። በለስ ምትሸጥ ልጅ አንድ ልጣ ሰጠችኝ፣ ፊቴን አይታ መሰለኝ ሂሳብም አልተቀበለችኝም።

የዛን ቀን ነው ሂሳቡን የሰራሁት። በ60 ስትነዳ በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ትጓዛለህ፣ ክርንህን ሰብስበህ፣ አንገትህን ዞር አድርገህ፣ ኋላህን አይተህ እስክትመለስ ሁለት ሰከንድ ከወሰደብህ 33 ሜትር ፊትህን ሳታይ ሄድክ ማለት ነው። ደንገጎ ላይ ደሞ 33 ሜትር ሳትጠማዘዝ ምትሄድበት ቦታ ፈልግልኝ። እርግጥ ዞር ብሎ ማየት አይቀርም፣ የፈለገ ስፖኪዮ ብትገጥም ማይታይ ቦታ ይኖራል፣ ጎረምሳ ሁሉ ስፖኪዮውን ነቅሎ ጥሎ «እኔ ዞሬ ነው ማየው» ሲል ግን ያናድደኛል። ዞረህ ምታየው አንድ ነገር ልታደርግ ስትል ነው፣ ስፖኪዮ ግን ምንም ልታደርግ ሳታስብ ራሱ ምን እየመጣብህ እንደሆነ ይነግርሃል። ትራፊክ ደሞ ስፖኪዮ የሌለውን ነው ሚቀጣው፣ እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ ሁለት ስፖኪዮ አለኛ። ክርን ብቻ ሚያሳይ ይሁን ሌላ ማን ያጣራል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው ሚያደርገውን ነው። ታይዋን ሄድኩና (አገሩን አይደለም፣ የድሬውን ገበያ) እነዛን ክብ ተለጣፊ መስታወቶች ገዛሁ፣ 5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስፋት ያላቸው፣ መኪና ስፖኪዮ ጥግ ላይ ሚለጠፉት። እነሱ በጣም ጎበጥ ያሉ ናቸው፣ መስታወት በጎበጠ ቁጥር ብዙ ቦታ ያሳይሃል ግን ሁሉንም ያሳንሰዋል፣ ያነሰ ነገር ደሞ ለአይን ሩቅ ነው ሚመስለው። በመጀመሪያው ቀን ለገሃሬ ጋር ሚኒባስ በትንሿ መስታወት አይቼ «ኧረ ገና ነው» ብዬ ልታጠፍ ስል ሚኒባሱ አጠገቤ ነበር፣ ሹፌሩ በሶስት ቋንቋ ሰደበኝ፣ ድሬ ነው ያለነው። ከዛ ወዲህ የገባኝ ትንሿ መስታወት «አለ ወይስ የለም» ብቻ ነው መመለስ ያለባት፣ «ምን ያህል ቀርቧል» ሚለውን ትልቁ ይመልስ። እሱም ቢሆን የኔው ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው፣ ድፍን ጠፍጣፋ መስታወት ርቀቱን በትክክል ያሳይሃል ግን ሚያሳይህ ቦታ ጠባብ ነው። ሁለቱንም ማግኘት የለም።

ለማንኛውም ተለጣፊዎቹ ብዙም አልቆዩልኝ። ሚያዝያ ነው፣ አሸዋ ገበያ ጋር ፀሐይ ላይ አቁሜያት ጉዳዬን ጨርሼ ስመለስ የግራው ክብ መስታወት እንደ ቀለጠ ማስቲካ ወደታች ተንሸራቶ የትልቁን መስታወት አፍ ዘግቶታል፣ የቀኙ የለም። የቀኙን ጎማዬ ስር አገኘሁት። ከዚራ ዛፍ ጥላ ስር ባቆማት ኖሮ ምናልባት አንድ ሳምንት ይጨምሩልኝ ነበር። ሌላ ጥንድ ገዝቼ መጀመሪያ መስታወቱን በአልኮል ወልውዬ፣ ማታ ሲበርድ ለጥፌ፣ ሳልነዳት አሳደርኳት፣ እነሱ እስካሁን አሉ። ችግሩ ግን ሌላ ነው፣ ትልቁ መስታወት ውስጥ ክርኔ ነው ያለው ብያለሁ አይደል፣ አሁን ደሞ ትንሹም ውስጥ ትንሽ ክርን አለ።

እዚ ጋር ነው ነገሩ የበራልኝ። መስታወቱ ትንሽ መሆኑ አይደለም ችግሩ፣ ያለበት ቦታ ነው። ሰፋ ያለ መስታወት ብገጥም ክርኔን በሰፊው ነው ማየው። መስታወቱ ከትከሻዬ ውጪ መውጣት አለበት። ጓደኛዬ የመሪው ጫፍ ላይ ሚገጠመውን አይነት ግዛ አለኝ፣ ያ ለስፖርት ሞተሮች ያምራል፣ የኔዋ ግን መሪዋ ጫፍ አካባቢ የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን እጀታ ሚከላከል ብረት አላት፣ ቦታ የለም። ስለዚ ሌላ ነገር አገኘሁ፣ አነስ ያለች ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ቁራጭ፣ አንደኛው ጫፏ ስፖኪዮው የነበረበት ቀዳዳ ላይ በቡሎን ይታሰራል፣ ሌላኛው ጫፏ ላይ ስፖኪዮው ይገባል፣ በቃ ስፖኪዮህን 4 ሳንቲም ወደ ውጪ ታስወጣልሃለች። ሻጩ «ማራዘሚያ» ነው ያላት፣ እኔም ማራዘሚያ ብያታለሁ። አብሬ አዲስ ጥንድ ስፖኪዮ ገዛሁ፣ እግሩ ወፍራም ብረት የሆነ። ዋጋውን አልነግራችሁም፣ ይቺን እስክታነቡ ተቀይሮ ይጠብቃችኋል።

የማራዘሚያዋ ቡሎን ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጥርሱ (ዙሪያውን ሚጠመዘዘው መስመር) 1.25፣ ብዙዎቹ የጃፓን ሞተሮች ላይ ያለው ልክ። ግራውን ጋራዥ ሄጄ በአምስት ደቂቃ ተገጠመ። ቀኙ ላይ ጋሼ (የጋራዡ ባለቤት፣ ሽማግሌው) ለሰላት ወጥተው ስለነበር ረዳቱ ልጅ ያዘው። ልጁ ቡሎኑን ያስገባል፣ አይገባም። ይመልሳል፣ ያስገባል፣ አይገባም። «ዝጎ ነው» አለኝና ረጅም ቁልፍ አምጥቶ ተጫነው፣ ኪርርር አለ፣ ገባ። ደስ አለን። ከዛ ስፖኪዮውን ስነካው ከነማራዘሚያዋ ተወዛወዘ። ቡሎኑን ሲነቅለው ጥርሱ ላይ የብር ፀጉር የመሰለ የአሉሚኒየም ፍርፋሪ ተጠምጥሞ ወጣ። የቀዳዳውን ጥርስ ሙልጭ አድርጎ በልቶታል።

ያማሃ ያላችሁ ይቺን ስሙኝ፣ የቀኙ ስፖኪዮ ጥርስ ግልባጭ ነው። ሚጠብቀው ወደ ግራ ነው፣ ሚላላው ወደ ቀኝ። አሮጌውን ስንፈታ ልጁ መጀመሪያ እንቢ አለኝ ብሎ በሌላ በኩል ሲያዞረው ወለቀለት፣ እኔም እሱም «ለምን?» አላልንም። ማለት ነበረብን።

ጋሼ ሲመጡ ልጁን አልተቆጡትም፣ እኔን ነው ያዩኝ። «ያማሃ መሆኗን አታውቅም?» አሉኝ። ለምን ግልባጭ እንዳደረጉት ጠየቅኳቸው፣ የጠየቅኩት ትንሽ በብስጭትም ጭምር ነው፣ ሁለቱንም አንድ አይነት ቢያደርጉት ምን ነበረበት ብዬ። ዝም ብለው ሞተሯ ፊት ለፊት ቆሙ። የግራውን ስፖኪዮ በመዳፋቸው ከፊት ወደ ኋላ ገፉት። «እየሄድክ ከፊት የሆነ ነገር መታው እንበል። ወዴት ዞረ?» ወደ መላላቱ ነው የዞረው። ከዛ ወደ ቀኝ ሄደው አየሩን ገፉት፣ ስፖኪዮ ስለሌለ። «ይሄኛውን ከፊት ብትመታው በተቃራኒው ነው ሚዞረው። እንደ ግራው ጥርስ ቢሆን ይጠብቃል። ከጠበቀ አይታጠፍም፣ ካልታጠፈ ይሰበራል ወይ መሪህን ይዞ ይሄዳል። ግልባጭ ሲሆን ግን ሁለቱም ይላላሉ፣ ይዞራሉ፣ አንተ ትሄዳለህ። ያማሃ ሞኝ መሰለህ እንዴ?»

ሁለት አመት ነድቻት በእጃቸው መዳፍ በግማሽ ደቂቃ አስረዱኝ።

ግን ቸኩያለሁ፣ አርብ ነው፣ እናቴ ትጠብቃለች፣ ቀዳዳው ያለበትን የፍሬን እጀታ መያዣ ፈትቼ ቶርኖ ቤት (ብረት ሚቀረጽበት) ይዤው ሄድኩ። ባለ ቶርኖው የተበላውን ቀዳዳ አሰፍቶ የብረት ቀለበት ሰርቶ ከተተበት፣ አዲስ ጥርስ አወጣለት፣ ንጹህ ስራ ነው። «ግልባጭ ላድርገው ወይስ ቀጥታ?» አለኝ። ግልባጭ ካደረገው ማራዘሚያዋ ይዛው የመጣችው ቡሎን አይሆንም፣ ሌላ ቡሎን ፈልግ ማለት ነው፣ ግልባጭ ቡሎን ደሞ የት አገኛለሁ በዚ ሰአት። ቀጥታ አድርገው አልኩት። ጋሼ ጋ ተመልሼ ሲያዩት ምላሳቸውን አጮሁ፣ «ጽ» ብቻ።

ሐረር እናቴ ግቢ ቅዳሜ ጠዋት ሙከራ አደረግኩ። ይሄን ሁሉም ሰው ቢያደርገው ጥሩ ነው፣ መሳሪያ አይፈልግም፣ አንድ ታናሽ እህት ብቻ ነው ሚፈልገው። እኔ ሄልሜቴን አድርጌ፣ ጃኬቴን ለብሼ፣ ሞተሯ ላይ ተቀምጬ ቀጥ አድርጌ ያዝኳት፣ ምክንያቱም ማቆሚያዋ ላይ ዘመም ብላ ካስተካከልከው ስትቀመጥባት ሁሉም ይዛባል። እህቴ ቀይ ባልዲ ይዛ ከኋላዬ ጀምራ በዙሪያዬ ትዞራለች፣ እኔ ባልዲው ከስፖኪዮ ሲጠፋ «ቁሚ!» እላለሁ፣ እሷ ድንጋይ ታስቀምጣለች፣ ከዛ ፊቴን ወደፊት አድርጌ ባልዲው በአይኔ ጥግ መታየት ሲጀምር «ቁሚ!» ሌላ ድንጋይ። በሁለቱ ድንጋይ መሀል ያለው ሰው ቢቆምበት፣ ባጃጅ ቢቆምበት ለኔ የለም ማለት ነው። መጀመሪያ ማራዘሚያዎቹን አውልቄ ስፖኪዮዎቹን ማራዘሚያ ሳይኖር ገጠምኳቸው፣ በቀኝ በኩል በድንጋዮቹ መሀል በሷ እርምጃ ስድስት ሆነ፣ በግራ አምስት። ማራዘሚያዎቹን ስመልስ ቀኙ ሁለት ከምናምን፣ ግራው ሁለት። ከዛ ልክ አወጣሁ፣ የውስጠኛው ጠርዝ ላይ የትከሻዬ ጫፍ ሽራፊ ብቻ እንዲታይ አደረግኩ፣ የራስህ አካል ትንሽ ካልታየህ ያ ነገር ከአንተ የት ጋር እንዳለ ማወቅ ያቅትሃል፣ ከፍታውን ደሞ ሩቅ ያለው የግቢው አጥር ጫፍ መስታወቱ መሀል ላይ እንዲሆን። እህቴ ባልዲውን አስቀምጣ «አቦ አንተ ጨረስክ አልጨረስክም? ሰው እኮ እያየን ነው» አለችኝ። ጎረቤት በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ እያየን ነበር፣ እውነቷን ነው።

አራት ሳንቲም እንዲ ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አጠገብህ ላለ መስታወት አራት ሳንቲም ብዙ ነው፣ ክርኔ ይዞት የነበረው ግማሽ መስታወት በሙሉ መንገድ ሆነ።

መንዘሩ ግን ባሰበት። ያው ክንዱ በረዘመ ቁጥር ጫፉ ይበልጥ ይወዛወዛል፣ ረጅም ቀርከሃና አጭር ቀርከሃ ጫፉን ይዘህ ብታንቀጠቅጠው እንደማለት ነው። ሰኞ ጠዋት ደንገጎን ስወርድ ሰፊ መንገድ ሚያሳይ ሰፊ ጭጋግ ነው የነበረኝ። እዚ ላይ የደከምኩትን ድካም ማን ይመልስልኝ። መጀመሪያ በማራዘሚያዋና በመያዣው መሀል የብስክሌት የውስጥ ጎማ በክብ ቆርጬ እንደ ሮንዴላ አስገባሁበት፣ ትንሽ ረዳ፣ ግን ጎማው ሲሞቅ ሲጨፈለቅ ቡሎኑ እየላላ ሁለት ቀን በሁለት ቀን ማጥበቅ ሆነ። አወጣሁት። ከዛ አንድ ሞተረኛ ክብደት ጨምርበት አለኝ። ክብደት? አዎ፣ ከባድ ነገር ቶሎ አይንቀጠቀጥም። ጎሚስታ ቤት ሄድኩና ጎማ ባላንስ ሲያደርጉ ቸርኬ ላይ ሚለጥፏትን ትንሽ እርሳስ ለመንኩ፣ ልጁ ሳቀብኝና አራት ፍሬ በነጻ ሰጠኝ። የስፖኪዮውን ጀርባ ከፍቼ ውስጡ ለጠፍኳቸው፣ በየአንዳንዱ ሁለት ሁለት። ኤጂዋ ከሱ በኋላ 60 ላይ መስታወቷ ረጋ። 75 ላይ አሁንም ይነዝራል ግን እኔ 75 ሚያስነዳ ጉዳይ የለኝም፣ እሷም የላትም። ከኋላዬ ያለውን መኪና ታርጋ ማንበብ እስከምችል ድረስ አልጠየቅኳትም፣ አይሱዙና ድንጋይን ከለየችልኝ ይበቃኛል።

አንድ ያላሰብኩት ነገር ፀሐይ ነው። አርብ ማታ ደንገጎን ጨርሰህ በሐረማያ አድርገህ ወደ ሐረር ስትሄድ ፊትህ ወደ ምስራቅ ነው፣ ፀሐይዋ ከኋላህ ትጠልቃለች፣ ድሮ ክርኔ ይከልልልኝ የነበረው ፀሐይ አሁን በሁለት ሰፊ መስታወት አይኔ ውስጥ ገባ። ሐይቁ ጋር ስደርስ (ደርቆ አልቅሰንለት ከነበረ በኋላ የተመለሰው ሐይቅ፣ እሱን ሳይ ሁሌ ደስ ይለኛል) ምንም አላይም ነበር። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ከፍታውን ትንሽ ዝቅ አድርጌ ሰማዩን መቀነስ፣ ወይ ሰማያዊ ቀለም ያለውን መስታወት መግዛት። እኔ ዝቅ አደረግኩት። ሰማያዊው ማታ ላይ ያጨልማል፣ አወዳይ ጋር ማታ መብራት የሌለው ነገር ሁሉ መንገድ ላይ ነው ያለው፣ ይቅርብኝ።

ስፋቱም ዋጋ አለው። በየጎኑ 4፣ በድምሩ 8 ሳንቲም ሰፍቻለሁ። ድሬ ውስጥ መጋላ ጋር በሁለት ባጃጅ መሀል ሾልኬ ማልፍበት ክፍተት አሁን ሁለቱንም ባለባጃጅ ያስጮህብኛል። ጀጎል ውስጥ ደሞ አይነገርም። መኪና ግርግር (ልብስ ሰፊዎቹ ያሉበት መንገድ) ላይ ሞተሯን አጥፍቼ እየገፋሁ ሳልፍ የግራው ስፖኪዮ በር ላይ የተሰቀለ ቀይ ጨርቅ ይዞ ሄደ፣ እኔ አላወቅኩም፣ የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ መሀል አንድ ሰውዬ «ወሪያ! ወሪያ!» እያለ ሲከተለኝ ለሌላ ሰው መስሎኝ ነው። ዞሬ ሳይ ሰፊው ነው፣ ሶስት ሜትር ጨርቁ ከኋላዬ እንደ ሙሽራ ቬሎ እየተጎተተ ነው። ስፖኪዮ ውስጥ አላየሁትም ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? ስገፋ ማን ስፖኪዮ ያያል። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ አራግፎ ተቀበለኝ፣ ሻይ ጋበዝኩት።

የቀኙ ጉዳይ ደሞ ሸዋ በር ጋር መጣ። ገበያው ሞቅ ያለበት ሰአት ነው፣ ቲማቲም ሚያራግፍ አይሱዙ ቆሟል፣ የኋላ መዝጊያው ወደ ጎን ተከፍቶ መንጠቆው ወጣ ብሏል። በቀስታ ነው ያለሁት፣ 20 ቢሆን ነው። በግራዬ ሰው በቀኜ አይሱዙ። ሰውየውን ስሸሽ የቀኙ ስፖኪዮ ያንን መንጠቆ ከፊት ለፊት መታው። አልታጠፈም። አልዞረም። ድርቅ ብሎ ቆመና መሪዬን ከእጄ ነጥቆ ወደ ቀኝ አዞረብኝ፣ ከቲማቲም ሳጥኖቹ ጋር በጉልበቴ ተገናኘሁ። ሁለት ሳጥን ቲማቲም ሂሳብ ከፈልኩ። ጉልበቴ ተላጠ እንጂ ምንም አልሆንኩም፣ ስፖኪዮው ግን መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ማራዘሚያዋ እንደ ሙዝ ጎብጣለች፣ ቡሎኑ ደሞ በጣም ከመጥበቁ የተነሳ እዛው ያለ ልጅ በ14 ቁልፍ ሊፈታው አልቻለም። ቆሜ ቡሎኑን እያየሁ የጋሼ መዳፍ ነው የታየኝ፣ አየሩን ሲገፉት።

ሰኞ ድሬ ስገባ ሳቢያን እንኳን ሳልገባ ነው ጋራዥ የሄድኩት። ጋሼ ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ሙዟን በጣታቸው ነካ አደረጓት። ምን ሆነ ብለው አልጠየቁኝም። ጓዳ ገብተው ከአሮጌ ያማሃ የተፈታ የፍሬን እጀታ መያዣ ይዘው መጡ፣ ጥርሱ የራሱ ነው፣ ግልባጭ፣ ማንም ያልነካው። ቡሎኑስ አልኳቸው። «የድሮው ስፖኪዮህ የት አለ?» አሉኝ። ቤት ግድግዳ ላይ ነው፣ ፂሜን ምላጭበት። አምጣው አሉኝ። አመጣሁት። እግሩን ከታች በመጋዝ ቆረጡት፣ የያማሃ የቀኝ ስፖኪዮ እግር ስለሆነ ጥርሱ ግልባጭ ነው፣ አናቱ ላይ ልጁ ዳዶ በየደበት፣ በቃ ግልባጭ ቡሎን ሆነ። ሁለት አመት ክርኔን ሲያሳየኝ ከነበረው ዕቃ ማለት ነው። ሙዟን በመዶሻ አቃኗት፣ መልሰው አሰሩት፣ አዲስ መስታወት ገባ፣ እርሳሶቹ ተመለሱ።

ሲጨርሱ ቁልፉን ለረዳቱ ልጅ ሰጡትና «አጥብቀው» አሉት። ልጁ ቁልፉን ይዞ ትንሽ ቆመ፣ ጋሼን አየ፣ ወደ ግራ አዞረው።